ሰጎኗ፣ ጃርቱና የቅዳሜው ዓይን

ከሚዛን ወደ ቴፒ ስትወርዱ፣ ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ የሚጀምርበት አካባቢ፣ በለቀማ ወቅት አንድ ሽታ ይቀበላችኋል። የእሸት ቡና ገለፈት ተከምሮ፣ ዝናብ አግኝቶት ሲቦካ የሚሰጠው ሽታ ነው። ግማሹ ጣፋጭ፣ ግማሹ ኮምጣጣ ነው፤ ልብስ ላይ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። በቅርቡ ከልጄ ከሶስና ጋር በሚኒባስ ስናልፍ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮቱን ዘጋ። እኔ የጎኔን ከፈትኩት።

«እማዬ ዝጊው፤ ይሸታል» አለችኝ ሶስና ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

«ምን እያየሽ ነው?»

«ካርቱን።»

«ስለ ምንድን ነው?»

«እንኪ እይው» ብላ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። «ለምን እነግርሻለሁ? ይኸው ራሱ እያለ።»

ልክ ነበረች። ራሱ እያለ የሚነገርበት ምክንያት የለም። እኔ ግን ያን ሽታ እየሳብኩ በልጅነቴ ስለወደድኩት የካርቱን ፊልም ማሰብ ጀመርኩ። ከወደድኳቸው ክፍሎች አብዛኞቹን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ለትምህርት ነው። በዚህ ዕድሜዬ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሥራ ቀን አማን ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ከልጄ ትንሽ ከፍ ከሚሉ ወጣቶች ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እማራለሁ። መምህራችን በልጅነታችን ከወደድነው የካርቱን ፊልም የምንመርጣቸውን ክፍሎች እንድንገመግም አዘዙን። ወጣቶቹ ወዲያው ተንጫጩ፤ ሁሉም በሳተላይት ያየውን ይጠራል። እኔ እጄን አወጣሁ።

«መምህር፣ ያላየነውን ክፍል መገምገም ይቻላል?»

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። መምህሩ በዕድሜ ስለምበልጣቸው አንቱ ይሉኛል። «ያላዩትን እንዴት ይወዱታል?» አሉኝ።

«ተነግሮኝ ነው።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው እንዴት እንደተነገረዎት ጭምር ይጻፉ» አሉ። ስለዚህ የማስታውሰውን ሳልጨምር ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ያደግኩት ቴፒ አጠገብ በአንድ ትልቅ የቡና እርሻ ካምፕ ውስጥ ነው። ካምፑ በቆርቆሮ የተሠሩ ረጃጅም ቤቶች ነበሩት። እያንዳንዱ ቤት በየክፍሉ አንድ ቤተሰብ ይይዛል፤ ግድግዳው ስስ ስለነበር ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው ከዚህኛው ክፍል ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብጽፍ እንኳን ለማንም አይጠቅምም። ዳቦ በአሥር ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ በስሙኒ ደግሞ ሁለት ሆነን የማንጨርሰው ሸንኮራ ይሰጡናል። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ እናደርጋለን። ኮንጎ የማያውቅ ካለ፣ ባለቀዳዳ የላስቲክ ጫማ ነው፤ ሲበጠስ በጋለ ቢላዋ ይበየዳል። የተበየደበት ቦታ ስለሚያብጥ ማን ስንት ዓመት እንደተጫማው ከእብጠቱ ይታወቃል። የቸገረው ጎደሬ ይበላል፤ የደላውም ጎደሬ ይበላል፣ ልዩነቱ ማባያው ላይ ነበር። ዛሬ ሚዛን ውስጥ ሱቆቹ ሁሉ በየቀለሙ ጫማ ደርድረው ሳይ ያንን አንድ ዓይነት ጫማ እፈልጋለሁ፤ ብገዛው እንደማላደርገው ግን አውቃለሁ።

ከካምፑ መሐል የሠራተኞች ክበብ ነበረ። ክበቡ ውስጥ በቁልፍ የሚዘጋ የእንጨት ሳጥን አለ፤ በሳጥኑ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ የቪዲዮ ዴክ፣ ከዴኩ በላይ ደግሞ በዳንቴል የተሠራ ልብስ። ቁልፉን የሚይዙት የክበቡ ኃላፊ ጋሽ ንጉሤ ናቸው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ካኪ ካፖርታቸውን አያወልቁም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ጄኔሬተሩ ይነሳና፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ከጅማ ከሚያመጡላቸው ካሴቶች አንዱን ለልጆች ይከፍታሉ። የእኛ ካርቱን የመጣው እንዲህ ነው።

ታሪኩ አንዲት ሰጎንና አንድ ጃርት ኮረብታ ላይ ስለከፈቱት ትንሽ ሆቴል ነው። በእያንዳንዱ የፊልሙ ክፍል አንድ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳው ከመሄዱ በፊት ሆቴሉ ውስጥ የሆነ ነገር ይሰበራል። ቋንቋው የውጭ አገር ነው፤ የየትኛው አገር እንደሆነ ካምፑ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ስማቸውንም ስለማናውቅ ራሳችን አወጣንላቸው። ጃርቱን ወስፌ አልነው። ጃርት እናውቃለን፤ የሁላችንንም ጎደሬ እየቆፈረ ይበላል። ሰጎን ግን በእኛ አካባቢ ደን ውስጥ የለችም። መጀመሪያ ላይ ዶሮ ታማ አንገቷ የረዘመ መስሎን አዝነንላት ነበር፤ ኋላ ላይ እትዬ አንገቴ ሆነች። ቀለማቸውን በተመለከተ ብዙ ተጣልተናል። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሳለ፣ መስፍን የሚባለው ጓደኛችን የሆቴሉ መጋረጃ ቀይ ነው ብሎ ለመደባደብ ይነሳ ነበር። ይህን ካርቱን በሶስና ስልክ ብዙ ፈልጌዋለሁ። ርእሱን ስለማላውቅ «ሰጎንና ጃርት ሆቴል» ብዬ ጻፍኩ፤ የመጣልኝ የእንግዳ ማረፊያ ማስታወቂያ ነው።

ችግሩ በለቀማ ወቅት ቅዳሜም የሥራ ቀን መሆኑ ነበር። ልጆች ከትምህርት ቤት መልስና ቅዳሜን ከእናቶቻቸው ጋር ቡና ይለቅማሉ። ወገባችን ላይ ቅርጫት እናስራለን፤ በአንድ እጅ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርገን እንይዛለን፣ በሌላው ቀዩን ብቻ እየመረጥን እንለቅማለን። አረንጓዴ ከተገኘበት የለቀማው አለቃ ካቦው ቅርጫቱን በጣሳ እያስገለበጠ አረንጓዴውን ያስለቅመናል። ታዲያ ሁላችንም ወደ ክበቡ እንሂድ ብለን እናቶቻችንን ለመንን።

እናቴ «ሁላችሁም ከሄዳችሁ ቡናውን ማን ይለቅመዋል? ጦጣ?» አለች። ቀጥላ ግን «አንዳችሁ ይሂድ። የቀራችሁት የሱንም ቅርጫት ሙሉለት። እሱ መጥቶ ይንገራችሁ» ብላ ፈረደች። እናቴ ከወሎ የመጣች ሰው ስለነበረች ደቦ ታውቃለች፤ ለካርቱን ደቦ የፈረደች ግን የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

የሚሄደውን ልጅ ዓይን አልነው። «የዛሬ ዓይን ማነው?» ይባላል ቅዳሜ ጠዋት። ዓይኑ ከምሳ በኋላ ይሄዳል፤ እኛ የራሳችንንና የሱን እንለቅማለን። አሥር ሰዓት ላይ ቡናው ወደሚመዘንበት ቦታ ወርደን ስንሰለፍ ዓይኑ ይመጣና እዚያው ሰልፉ ላይ ይነግረናል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ እናቶችም ይሰማሉ፤ ሚዛነኛውም እየመዘነ አንድ ጆሮውን ይሰጠናል። ሕግም ነበረን። ተራ ይጠበቃል። ዓይን ያየውን ይናገራል እንጂ አይጨምርም። ሦስተኛውን ሕግ ያወጣው መስፍን ነው። አንድ ልጅ ዓይን ሆኖ ተልኮ ወንዝ ሲዋኝ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ሳያይ የመጣ ዓይን የተሞላለትን ቡና ለለቀሙት መልሶ ያካፍላል ተባለ።

አሁን ስለ ዘነበች መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም የዚህ ካርቱን ጉዳይ ለእኛ ጨዋታ ቢሆንም ለእሷ ጨዋታ አልነበረም። ዘነበች ከማጂ የመጣች ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት አክስቷ እትዬ ፈለቀች ወደ ካምፑ አመጣቻት። ሕፃን ሆና ምድጃ ላይ ወድቃ ስለነበር የቀኝ እጇ ጣቶች ተቃጥለው ተጣብቀዋል። ቅርንጫፉን በቀኝ ክንዷ አቅፋ በግራዋ ብቻ ትለቅማለች፤ የቱንም ያህል ብትተጋ ቅርጫቷ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ካምፑ ደግሞ ዱቄት የሚሰጠው ለሚለቅም ሰው ነው። እትዬ ፈለቀች ባሏ ጥሏት የሄደ፣ የራሷ አራት ልጆች ያሏት ሴት ነበረች። ክፉ አልነበረችም። ነገሩን ግን አትደብቅም፤ ሰልፉ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የምትናገረው።

«የእህቴ ልጅ ናት፤ ከልጆቼ አልለያትም። ግን አፍ ነው የመጣብኝ እንጂ እጅ አልመጣልኝም። ቅርጫቷ ካልሞላ ወደ ማጂ እመልሳታለሁ።»

ማጂ የቀሩት አያቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ዓይናቸው ደክሞ በጎረቤት የሚጦሩ ሽማግሌ ነበሩ። እዚያ ከሄደች ትምህርት የለም። ዘነበች በካምፑ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ነበረች፤ በግራ እጇ የምትጽፈው ፊደል ከእኔ የቀኝ እጅ ጽሑፍ ያምራል።

ከወደድኳቸው ክፍሎች አንዱን ያመጣችልን በመጀመሪያ ተራዋ ነው። የበሩ ክፍል እለዋለሁ። የሆቴሉ በር ዝቅ ያለ ስለሆነ እትዬ አንገቴ በገባች በወጣች ቁጥር ራሷን ትመታለች። ወስፌ አዘነላትና ከበሩ በላይ ለአንገቷ የሚሆን ቀዳዳ ቆረጠላት። ሰጎኗ ሰውነቷ በበሩ፣ ራሷ በቀዳዳው እየገባ ደስ አላት። ችግሩ ራሷን ቀድማ ካስገባች ሰውነቷ ውጭ ይቀራል፤ ሰውነቷን ካስገባች ራሷ ውጭ ይቀራል። እንዲህ እየታገለች እያለ እንግዳ መጣ፤ አጋዘን ነው፤ አናቷ የኮት መስቀያ መስሎት ባርኔጣውን ሰቀለባት። በክፍሉ ውስጥ ከዚህ ሌላ ምንም የለም። ዘነበች ግን ሚዛኑ የተሰቀለበትን ግንድ በር አድርጋ፣ አንገቷን መዝዛ፣ ሰጎኗ ባርኔጣው ሲሰቀልባት ላለመንቀሳቀስ እንዴት እንደታገሠች አሳየችን። አንዲት ቃል አልተናገረችም። ከሰልፉ አንዷ እናት «ወይ ጨዋነት፤ ባርኔጣ ተሰቅሎባት እንኳን እንግዳ አታሳፍርም» ብላ ስታዝን፣ ሌሎቹ ይስቃሉ።

ሁለተኛው የፍራሹ ክፍል ነው፤ ይህንን በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ በድፍረት እገመግመዋለሁ። ወስፌ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ፍራሹ ይመች እንደሆነ ልሞክር ብሎ ይተኛበታል፤ እሾሁ ፍራሹን ወንፊት ያደርገዋል። ላባው ቤቱን ይሞላል። እትዬ አንገቴ ስትገባ የረገፈው የራሷ ላባ ይመስላትና አፍራ መጋረጃ ቀድዳ ትለብሳለች። ሥዕሉ ጥሩ ነው፤ ላባው ቀስ እያለ ሲወርድ እውነተኛ ይመስላል። ድክመቱ መጨረሻው ነው፤ ድንገት ያልቃል። ይህን ክፍል ለጓደኞቼ ስነግራቸው በመጠኑ ሳቁ። እናቴ «ጥሩ ነው» አለች፤ እናቴ ጥሩ ነው የምትለው ጥሩ ላልሆነ ወጥ ነው።

ከበሩ ክፍል በኋላ ልጆች አንድ በአንድ ተራቸውን ለዘነበች መስጠት ጀመሩ። ምክንያቱ እንደምትነግረን የሚነግረን ስለሌለ ነው። ዓይን በሆነች ቅዳሜ ደግሞ ቅርጫቷ በስድስት ልጅ እጅ ይሞላል፤ የሳምንቱም ድምሯ ይቃናል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አያነሳውም። ያነሳው መስፍን ነው። መስፍን ተከራካሪ ልጅ ነበር፤ አባቱ የመጋዘን ጸሐፊ ስለሆኑ ሕግ የሚባል ነገር ይወዳል።

«ተራ ተራ ነው» አለ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቅርጫቱን ወገቡ ላይ እያሰረ። «እኔም ማየት እፈልጋለሁ።»

«ዘነበች ትሂድ፤ አንተ መንገር አትችልም» አልኩት።

«ማን ሞከረኝ?»

«ቅርጫቷስ?» አለች አንዷ ልጅ ቀስ ብላ።

መስፍን ዘነበችን አየ። ዘነበች መሬት መሬት ታያለች። «እሱ ሌላ ነገር ነው» አለ። «ዓይን የሆነው ለማየት ነው ወይስ ለቅርጫት?»

«ልክ ነው፤ ተራህ ነው፤ ሂድ» አለችው ዘነበች። የዚያን ዕለት ከእኛ ጋር ስትለቅም ዋለች፤ ቅርጫቷ ሲመዘን ግማሽ ነበር።

መስፍን ሄደ፤ መጣም። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየው። ኮቱን አስተካከለ። ኮት ነበረው፤ የአባቱ አሮጌ ኮት ተጠብቦለት።

«ሾርባ ሠሩ» አለ። «ፈሰሰ። አለቀ።»

ጠበቅነው። ሌላ ነገር አልመጣም።

«ይኸው ነው?» አልኩት።

«አዎ።»

«እንግዳው ማነው?»

«ጉማሬ።»

«ምን አደረገ?»

«ጠጣ።»

«ልጄ፣ ለዚህ ነው ሙሉ ቅርጫት የለቀሙልህ?» አለው ሚዛነኛው።

«ዓይን አይጨምርም» አለ መስፍን ፊቱ ቀልቶ። «ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

መስፍን ዛሬ ጅማ ነው የሚኖረው፤ የልጅ ልጅ ለማየት የደረሰ ሰው ነው። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ስሕተት እንዳልጽፍ ብዬ ደወልኩለት። «የሾርባውን ክፍል ታስታውሰዋለህ?» አልኩት። «ምን የሚረሳ ነገር አለው?» አለኝ፤ «ሠሩ፣ ፈሰሰ፣ አለቀ።» ከኋላው ሚስቱ «ማነው? ምን ፈሰሰ?» ስትል ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ዝናብ የበዛባቸው ነበሩ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ በየቀኑ ለቀማ ሆነ፤ የዘነበች ቅርጫትም በየቀኑ ጎደለ። እትዬ ፈለቀች ሰኞ ዕለት ሰልፉ ላይ ቁርጧን ተናገረች። ይህ ሳምንት የመጨረሻው ነው፤ ካልሞላላት እሑድ ጠዋት ወደ ሚዛን በሚወጣው የጭነት መኪና ትሄዳለች፤ ከሚዛን ወደ ማጂ የሚያሳፍራት ሰው አለ፤ ከሾፌሩ ጋር ተነጋግራለች። በሳምንቱ ውስጥ አንዳንዴ ከቅርጫቴ እፍኝ ልጨምርላት ስል እጄን ትመልሰዋለች። «እናትሽ ታይሻለች» ትለኛለች። ደቦ ሲሆን የምትቀበለውን፣ ችሮታ ሲሆን አትቀበልም። ይህ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አሁንም በደንብ ገብቶኛል ማለት አልችልም።

ቅዳሜ ተራው የመስፍን ነበር። ጠዋት ማንም ሳይጠይቀው «ዘነበች ትሂድ» አለ። ምክንያት አልሰጠም። ዘነበች አየችው፤ ቅርጫቷን ከወገቧ ፈትታ ሰጠችውና ከምሳ በኋላ ሄደች። ያን ቀን እንደለቀምነው ለቅመን አናውቅም። መስፍን አንድም ክርክር አላነሳም። አሥር ሰዓት ሳይሞላ የዘነበች ቅርጫት እስከ አፉ ቀይ ሆኖ ሞላ።

ሰልፍ ይዘን ስንጠብቅ በክበቡ በኩል መጣች። ሌላ ጊዜ እየሮጠች ነበር የምትመጣው፤ ያን ቀን እየተራመደች መጣች። ኮንጎዋ በጭቃ ተሞልቶ ጭብጭብ ይላል።

«ምን አመጣሽ?» አልናት።

«ዴኩ ካሴቱን በላው» አለች። «ገና ሆቴሉ ሲታይ ቆመ። ጋሽ ንጉሤ ሊያወጡት ሲጎትቱ ክሩ እንደ በግ አንጀት ጉልበታቸው ላይ ተዘረገፈ። ዴኩም ጭስ ጭስ ሸተተ። ከእንግዲህ አይሠራም አሉ።»

«ታዲያ ምን አየሽ?»

«ምንም አላየሁም።»

ልትጨምር ትችል ነበር። ከእኛ መሐል ክበቡ ውስጥ የነበረ ሌላ ልጅ የለም። እሷ ግን ጎንበስ ብላ የሞላውን ቅርጫት አነሳችና መስፍን እግር ሥር አስቀመጠችው።

«ሕግ ነው» አለች። «ውሰዱት።»

እትዬ ፈለቀች ከኋላችን ቆማ ነበር። «የምን ውሰዱት ነው?» አለች።

«የልጆች ነገር ነው፤ ተያቸው ፈለቀች» አለቻት እናቴ።

«የልጆች ነገር አይደለም። ያ ቅርጫት ከሄደ ጠዋት መኪናው መጥቶ ይወስዳታል።»

ሁላችንም ያየነው ሕጉን ያወጣውን መስፍንን ነው። እሱ ቅርጫቱን አየ፤ ዘነበችን አየ።

«ተራው የኔ ነበር» አላት።

«አዎ።»

«እኔ ብሄድም ዴኩ ይበላው ነበር።»

«አዎ።»

«እንግዲያው የሾርባውን ንገሪን።»

«የሾርባውን እኔ አላየሁትም።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አለ መስፍን። «በደንብ የተናገረው ግን የለም። እኔ ላንቺ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ለነሱ ንገሪያቸው። ምንም አይጨመርም።»

ዘነበች ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ድስቱ ምን ያህል ነው?»

«ትልቅ ነው።»

«እኔ እገባበታለሁ?»

«ትገቢበታለሽ። ወስፌም ገብቶበታል።»

«ገብቶበታል?» አልኩ እኔ። «ይህን ለምን አልነገርከንም?»

«አልጠየቃችሁኝም።»

«ለምን ገባ?» አለችው ዘነበች።

«ሊያማስል። ማማሰያው አጭር ነው፤ ከውጭ አይደርስም።»

«እትዬ አንገቴስ?»

«ከላይ ሆና ትቀምሳለች። ጨው አነሰው ትላለች፤ ወስፌ ይጨምራል። እንደገና አነሰው ትላለች።»

ዘነበች ጀመረች። ባዶ ጆንያ መሬት ላይ ክብ አድርጋ ድስት አደረገችው፤ ገባችበት። ሁልጊዜ ከነጠላዋ ሥር የምትደብቀውን ቀኝ እጇን አወጣች፤ የተጣበቁት ጣቶቿ ማማሰያው ሆኑ። በዚያ አጭር ማማሰያ ያን ትልቅ ድስት ለማማሰል ስትሽከረከር ሰልፉ ከፊት መሳቅ ጀመረ። በየመሐሉ ቆም እያለች መስፍንን ትጠይቃለች፤ እሱ በሁለት ቃል ይመልሳል፤ እሷ ያችን ሁለት ቃል ታሰፋታለች። ጉማሬው ሲመጣ ድስቱ ከኮረብታው ተንሸራተተ፤ ወስፌ ውስጡ ነው። ጉማሬው ማንኪያውን ይዞ ከኋላ ይከተላል፤ እየሮጠ ይቀዳል፣ እየሮጠ ይጠጣል፣ አንድ እሾህ አፉ ሲገባ እየሮጠ ጥርሱን ይጎረጉርበታል። ዘነበች ጆንያውን ይዛ ከሰልፉ መጨረሻ እስከ ሚዛኑ ድረስ ተንሸራተተች። ድስቱ ሲቆም ሾርባው አልቋል፤ ወስፌ ታጥቦ ጸድቷል፤ ጉማሬውም ሳህኑን ዘርግቶ ድጋሚ ይጠይቃል።

«ሠሩ፣ ፈሰሰ፣ አለቀ» አለ መስፍን፤ «አልዋሸሁም።»

ካቦው ራሱ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ይስቃል። እትዬ ፈለቀች በነጠላዋ አፏን ሸፍና ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ኋላ ላይ ዓይኗን ጠርጋ «ያ ጉማሬ ቁርጥ ባሌን ነው» አለች፤ ሰልፉ እንደገና ፈረሰ።

ቅርጫቱን ማንም አልነካውም። ሚዛነኛው ራሱ ወርዶ አነሳውና በዘነበች ስም ሚዛኑ ላይ ሰቀለው።

ከሁሉም ክፍሎች አንደኛ የማደርገው ይህንን ነው። ሥዕሉ ጥሩ ይሁን አይሁን አላውቅም። መምህሩ ለዚህ ውጤት ይቀንሱብኝ ይሆናል፤ እቀበላለሁ።

እሑድ ጠዋት መኪናው ካምፑ በር ላይ ቆሞ ጡሩንባውን ነፋ። ቅርጫቱ አንድ ቀን እንደሞላ፣ የሳምንቱ ድምር ግን እንደጎደለ ሁላችንም እናውቅ ስለነበር፣ እኔና መስፍን ከውሃው በርሜል ኋላ ቆመን እናይ ነበር። ዘነበች በቤታቸው በራፍ ላይ ጫማዋን አድርጋ ቆማለች። እትዬ ፈለቀች ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ወደ መኪናው ሄደች።

«ልጅቷስ?» አላት ሾፌሩ።

«ቦታውን ለሌላ ሰው ስጠው።»

«አስይዘሽኝ? ምነው፣ ታመመች?»

«አልታመመችም» አለች እትዬ ፈለቀች። «ቅዳሜ ሰልፉ ላይ ትፈለጋለች።»